ምዕራፍ አምስት፦ የቆርኪ ዋጋ

ከወልቂጤ ጥቂት ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ የተተከለው የዘቢዳር ቢራ ፋብሪካ በ2009 ዓ.ም. ምርቱን ለገበያ ያቀረበው በጉራጌ ምድር ከፍታው በሚታወቀው ተራራ ስም ነው። የቢራ ፋብሪካ ለዚህ ምዕራፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከሚያስፈልጉት ግብዓቶች አንዱ ከአገር ውስጥ ገበሬ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ፣ ሦስተኛው ከራሱ ደንበኛ እጅ ይመጣል። ለ100 ሊትር ቢራ ከ15 እስከ 17 ኪሎ ግራም ብቅልና 100 ግራም ገደማ ምሬት የሚሰጠው ሆፕስ ይበቃል። የማንንም ፋብሪካ ትክክለኛ አኃዝ ሳይሆን ለስሌት ያህል በዓመት 300 ሺህ ሄክቶሊትር የሚጠምቅ ፋብሪካ እንውሰድ። ብቅሉ 48 ሺህ ኩንታል ይሆናል፤ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 120 ምልልስ ማለት ነው። ሆፕሱ 300 ኩንታል ብቻ ስለሆነ በሁለት ሦስት ኮንቴነር ያልቃል። ምርቱ ሁሉ በ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ቢሞላ ደግሞ 91 ሚሊዮን ያህል ቆርኪ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ክብደት ሁለት ግራም ገደማ ሲሆን ዋጋው ከቢራው አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የሒሳብ ክፍሉን ከእነዚህ ውስጥ የቱ በቅርብ ይጠበቅ ብንለው መልሱ ብቅል ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው እሱ ነውና። ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ከብቅል ዋጋ ላይ ሁለት በመቶ የቀነሰ ገዢ ለድርጅቱ ብዙ ብር አትርፏል። ነገር ግን ቆርኪ ያለቀበት ፋብሪካ ብቅል ካለቀበት ፋብሪካ እኩል ይቆማል፤ እንዲያውም ቀድሞ ይቆማል። ብቅል ቢጠፋ በማብላያው ውስጥ ያለው ቢራ ለሳምንታት ማሸጊያውን ሥራ አያስፈታውም፤ ቆርኪ ከጠፋ ግን ተጣርቶ ያለቀው ቢራ ታንክ ይዞ ይቀመጣል፣ ታንኩ ካልተለቀቀ የሚቀጥለው አይጣራም፣ ማብላያው ካልተለቀቀ አዲስ አይጠመቅም። እንግዲህ የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ነው፦ የአንድ ግብዓት ዋጋ በደረሰኙ ላይ ከሰፈረው ቁጥር ይበልጣል። ሲጠፋ የሚያስቆመው ሥራና የሚደርስበት ቀን አለመታወቁ የሚያስወጣው ወጪ ተጨምረው መታየት አለባቸው፤ ከወደብ ርቆ በአንድና ሁለት መንገድ በሚኖር ከተማ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ከደረሰኙ ሊበልጡ ይችላሉ።

ነገሩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሁለት የውጭ ማስረጃዎችን ላንሳ። በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ተመራማሪ ዴቪድ ሲምቺ-ሌቪና ባልደረቦቻቸው የፎርድን የአቅራቢዎች መረብ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው አሳትመው ነበር። ኩባንያው ለአንድ አቅራቢ የሚከፍለው የገንዘብ መጠንና ያ አቅራቢ ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት ተያያዥነት እንደሌላቸው አገኙ፤ ከባዱ አደጋ ብዙ ጊዜ የተደበቀው በርካሽ ዕቃዎች ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997፣ በጃፓን አይሲን የተባለው የቶዮታ አቅራቢ አንድ ፋብሪካው ተቃጠለ። የሚሠራው የፍሬን ግፊት የሚቆጣጠር፣ ዋጋው ጥቂት ዶላር የሆነ ቫልቭ ነበር። ቶዮታ ያንን ቫልቭ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከዚያ ስለሚያገኝና በእጁ ያለው ክምችት ለሰዓታት ብቻ የሚበቃ ስለነበር በጃፓን ያሉት መገጣጠሚያዎቹ በቀናት ውስጥ ቆሙ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ዕቃው በአማካይ በስንት ቀን ይደርሳል ብለው ይጠይቃሉ። መጠየቅ ያለበት ግን ከአማካዩ ምን ያህል ያፈነግጣል የሚለው ነው። ጠርሙስ ለማጠብ የሚውለውን ኮስቲክ ሶዳ እንውሰድና ፋብሪካው በቀን 10 ኩንታል ይጠቀማል እንበል። ትእዛዙ በአማካይ በ90 ቀን ይደርሳል፤ በተለምዶ ከዚያ ወዲህም ወዲያም የሚያፈነግጠው በ5 ቀን ነው። ከመቶ ትእዛዝ በ95ቱ ዕቃ እንዳያልቅበት የሚፈልግ ፋብሪካ፣ የሙያው ሰዎች በሚጠቀሙበት ስሌት፣ 1.65 ጊዜ 5 ጊዜ 10፣ ማለትም 83 ኩንታል ገደማ መጠባበቂያ ይበቃዋል። አሁን አማካዩ ያው 90 ሆኖ ማፈንገጡ 20 ቀን ይሁን፤ መጠባበቂያው ወደ 330 ኩንታል ያሻቅባል። ሌላ አቅራቢ መጥቶ በአማካይ በ60 ቀን አደርሳለሁ ቢልና ማፈንገጡ ግን እዚያው 20 ቀን ቢሆን፣ መጠባበቂያው ከ330 ንቅንቅ አይልም። የፈጠነ ይመስላል እንጂ መጋዘኑን አላቀለለም። በእርግጥ አማካዩ ዋጋ የለውም አልልም፤ አገራችን ውስጥ አስመጪ ገንዘቡን የሚያስይዘው ኤልሲ (በባንክ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ሲከፍት ስለሆነ 90 ቀን በመንገድ ላይ ያለ 900 ኩንታል የታሰረ ገንዘብ ነው፣ ወለዱም ይቆጠራል። ሆኖም ያ ወጪ አስቀድሞ የሚታወቅና በዋጋ ውስጥ የሚገባ ነው፤ የማፈንገጡን ወጪ ግን በጀት ውስጥ የሚጽፈው የለም። ስለዚህ ዋጋው በመጠኑ የጨመረ፣ ቀኑን ግን የሚጠብቅ አቅራቢ ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው።

ማፈንገጡ ከየት እንደሚመጣ በመንገዱ ቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ባንክ ነው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ በነበረበት ዘመን ፕሮፎርማ አቅርቦ ወረፋ የያዘ አምራች ኤልሲው በሁለት ወር ይከፈት ወይም በስምንት የሚነግረው አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ተሻገረ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 አለፈ። በዚያ ዕለት ስጋቱ መልኩን ለወጠ፤ ቀድሞ ያልታወቀው ቀኑ ነበር፣ አሁን ዋጋው ሆነ። ሁለቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ለቀኑ ስጋት ክምችት ይረዳል፤ ለዋጋው ስጋት ግን ከደንበኛ ጋር የሚደረግ የመሸጫ ዋጋ ውል አጭር መሆኑ ይበልጥ ያድናል።

ሁለተኛው ባሕር ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ታላላቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ስዌዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ፤ ጉዞው በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። እዚህ ላይ ካርታውን ማየት ይጠቅማል። ጅቡቲ ከባብ ኤል ማንደብ ወዲህ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት። ከጀርመን የሚጫን ሆፕስ ያንን ጠባብ በር ማለፍ ወይም አፍሪካን መዞር አለበት፤ ከቻይና የሚጫን ዕቃ ግን በሩን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል። ሁለት አቅራቢ አለኝ የሚል አምራች ሁለቱም ከአውሮፓ ከሆኑ ለዚህ ስጋት አንድ አቅራቢ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ እዚያ ቀን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ነው፣ እሱን ጎበዝ ትራንዚተር ያቃልለዋል። አራተኛው የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ሁለቱ የአካባቢው ከተሞች፣ ወልቂጤና ቡታጅራ፣ የሚለያዩትም በዚህ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ናት። ከሞጆ የተነሳ ኮንቴነር አዲስ አበባን አቋርጦ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ ይወርዳል፤ ያ መስመር በጸጥታ ችግር በተዘጋ ቁጥር ሌላው አማራጭ በእምድብርና በሆሳዕና የሚዞረው ረጅሙ መንገድ ነው። ቡታጅራ ግን ሁለት በር አላት። አንደኛው በዓለም ገናና በጢያ የሚመጣው ሲሆን ሁለተኛው ከሞጆ በመቂ እስከ ባቱ ወርዶ፣ ከባቱ ወደ ምዕራብ የሚወጣው ነው። ይኸኛው 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባን አይነካም። ፋብሪካ የት ልትከል የሚል ባለሀብት የመሬት ሊዝ ዋጋ ሲያነጻጽር ይውላል እንጂ ሁለተኛ መንገድ መኖሩን በብር አይተምነውም። መተመን ይቻላል፤ ከላይ ባየነው ስሌት ማፈንገጡ ከ20 ቀን ወደ 15 ቢወርድ መጠባበቂያው በ83 ኩንታል ገደማ ይቀንሳል።

ወደ ጉብሬ ልመለስና ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውን ግብዓት ላንሳ፤ ባዶ ጠርሙስ። የአገራችን ቢራ በአብዛኛው የሚሸጠው በሚመለስ ጠርሙስ ነው። ቢራ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሄደው መኪና ባዶ ሳጥን ጭኖ ይመለሳል። የግሮሰሪው ጓሮ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ መጋዘን ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት መንገድ ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ቢራው አይወጣም፣ ጠርሙሱም አይገባም፣ መንገዱ ሲከፈት ገበያው ቢራ እየጠየቀ ፋብሪካው የሚሞላበት አጥቶ ይቆያል። በተቃራኒው በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የሚወርደው ሕዝብ ፍጆታውንም የጠርሙሱንም አቅጣጫ ይለውጠዋል። ያ ግን በየዓመቱ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ያልተዘጋጀለት አከፋፋይ ስጋት ደረሰብኝ ሊል አይገባም።

እስካሁን ለተነሳው ሁሉ ቀላል መልስ አለን የሚሉ አሉ፦ ሁሉንም ከአገር ውስጥ ግዛ። የብቅል ታሪክ ለዚህ ክርክር ብዙ ይደግፋል። ለዓመታት የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች የቢራውን እድገት ሊከተሉት ስላልቻሉ ብቅል ከአውሮፓ በብዛት ይገባ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የብቅል አምራቾቹ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቡርትሞልት በደብረ ብርሃን እያንዳንዳቸው በዓመት 60 ሺህ ቶን የማምረት አቅም ይዘው ሲገቡ ሁኔታው ተለወጠ። የምንዛሪውንም የባሕሩንም ስጋት በአንድ ጊዜ የቀነሰ እርምጃ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መታየት አለበት። አራቱ ብቅል ፋብሪካዎች አራት አቅራቢ ይመስላሉ፤ ገብሳቸው ግን በአብዛኛው ከአርሲ፣ ከባሌና ከሸዋ ደጋ፣ ከአንድ ክረምት ዝናብ፣ ከአንድ አዝመራ የሚገኝ ነው። ዝናቡ ካጠረ ወይም በአጨዳ ወቅት ከዘነበ አራቱም አብረው ይጎዳሉ። በዚያ ላይ የብቅል ገብስ እንደ ማንኛውም ገብስ አይደለም፤ ካልበቀለ ብቅል አይሆንም። በአጨዳ ዝናብ የመታው እህል ለቆሎና ለበሶ ሲሆን ለብቅል ግን ከመረከቢያው በር ሊመለስ ይችላል። የአገር ውስጥ ግዢ ስጋትን ያጠፋል ከማለት ይልቅ በሌላ ስጋት ይተካዋል ማለት ይሻላል፤ ጥሩነቱ አዲሱ ስጋት ቀደም ብሎ መታየቱ ነው። የመስከረም ማሳ የታኅሣሥን ዋጋ ይናገራል። የባንክ ወረፋ ግን ምንም ተናግሮ አያውቅም።

ከሌላ ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ አመራር ዘዴ ይጠቅሳል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ክምችት ብክነት ነው የሚለውን ተምረዋል፤ እኔ ደግሞ እዚህ 330 ኩንታል አስቀምጡ እያልኩ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ የሚሠራበት ሁኔታ ግን አለው። ቶዮታ ዕቃ ሳያከማች መሥራት የቻለው አቅራቢዎቹ በዙሪያው የሰፈሩና ቀናቸውን በሰዓት የሚጠብቁ ስለነበሩ ነው። ከላይ ባለው ስሌት ማፈንገጡን ዜሮ አድርጉት፤ መጠባበቂያውም ዜሮ ይሆናል። መጀመሪያ ክምችቱን ቀንሶ ማፈንገጡ በኋላ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ግን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ያው ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ የኮምፒውተር ቺፕ ለወራት እንዲያከማቹ አድርጎ፣ በ2021 የዓለም መኪና ሠሪዎች በቺፕ እጥረት ሲቆሙ ከብዙዎቹ ዘግይቶ ተነካ።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ፣ ብር በየዓመቱ ዋጋ እያጣ ሳለ ዕቃ አከማችቶ የከሰረ የለም የሚለው ነው። በእውነትም ሰኔ 2016 ዓ.ም. መጋዘኑን የሞላ አስመጪ መስከረም ላይ ሀብታም መስሎ ታይቷል። ግን ይህ የአምራች ሥራ ነው ወይስ የነጋዴ? አምራች ገንዘቡን በብቅል አስሮ ቆርኪ የሚገዛበት ካጣ፣ የተወደደውን ብቅል ሸጦ ነው ማሽኑን የሚያስነሳው። ሁሉም ዕቃ ደግሞ አይከማችም። ሆፕስ ታሽጎ በቀዝቃዛ መጋዘን ካልተቀመጠ ምሬቱ ይቀንሳል፤ ብቅል እርጥበት ይስባል። ከብዛት ይልቅ ምርጫው ነው ዋናው። የዓመቱ ሆፕስ በሁለት ሦስት ኮንቴነር ካለቀ የዓመቱን መያዝ ያዋጣል፤ የዓመቱን ብቅል መያዝ ግን 120 ተሳቢ የሚራገፍበት መጋዘን መሥራት ነው። ቆርኪ ቦታ አይይዝም፣ አይበላሽም፣ ካለቀ ግን ሁሉን ያስቆማል፤ ክምችት ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለትልቅ ፋብሪካ ነው የሚል ካለ የወልቂጤንና የቡታጅራን የብረታ ብረትና የእንጨት ወርክሾፖች ይመልከት። በር የሚበይድ ወጣት መጋዘን የለውም። መጋዘኑ መርካቶ ነው። ላሜራና ቱቦላሬ ሲያልቅበት ለሚያውቀው ነጋዴ ይደውላል፤ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ይደርሳል፣ ሒሳቡ ደግሞ ሥራው ሲረከብ ይከፈላል። ባንክ መያዣ የሚጠይቅበትን ዱቤ ዝምድናና የአገር ልጅነት ይሸፍነዋል። እጅግ ርካሽ የመጠባበቂያ ዘዴ ነው፤ ድክመቱ ሁሉም ያንኑ አንድ ቦታ መደገፉ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የነደደው የመርካቶ ነጋዴ ንብረት ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በዱቤ ይወስድ የነበረው የክፍለ ሀገር ደንበኛም ምንጩ ደርቋል።

መንገዱም ምንዛሪውም የመንግሥት ነው፣ አምራቹ ምን ያድርግ የሚለውን ሮሮ በከፊል እቀበላለሁ። ሆኖም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከየኪሳቸው አዋጥተው በመንገድ ሥራ ድርጅታቸው በኩል ወደ አገራቸው መንገድ ማስገባታቸውን እዚህ አካባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ አንድ ፋብሪካ ብቻውን መንገድ አይሠራም፤ በአቅሙ ማድረግ የሚችለውን ግን የቡታጅራ በርበሬ ወፍጮዎች ያሳያሉ። እነሱ ቆመው የሚጠብቁት የባሕርም የባንክም ችግር የለባቸውም። ጥሬ ዕቃቸው ዛላ በርበሬ ነው፣ የሚበቅለውም ከደጃፋቸው፣ በመስቃንና በማረቆ ማሳ ነው። ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ በደማቅ ቅላቱ ከአገር ውስጥ አልፎ ለቀለም ማውጫ ፋብሪካም ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ቅርብ ነው ማለት ግን እርግጠኛ ነው ማለት አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. በሁለቱ ወረዳዎች የተነሳው ግጭት ይህን አሳይቷል። ከግጭት በመለስ ያለው የየዕለቱ ስጋት ደግሞ ዛላው በሚመጣበት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። ልምድ ያለው ገዢ የማዳበሪያውን አፍ ፈትቶ ከላይ ያለውን አያይም፤ እጁን እስከ ትከሻው ሰድዶ ከሥር ያለውን ይዘግናል። የደረቀ ዛላ ሲወዘወዝ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት ግን ይለመጣል። 20 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ወደ 10 በመቶ ሲደርቅ የሚቀረው 89 ኪሎ ነው፤ በረከሰ ዋጋ የተገዛው ኩንታል ለሚፈጨው ኪሎ 12 በመቶ ተኩል ተወዷል። ከረጠበው ጋር የሚመጣው ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያስከትል ስለሚችል ኪሳራው በሚዛን አያበቃም።

ይህን በር ላይ ቆሞ በመመለስ መከላከል ይቻላል፤ የተመለሰ ዛላ ግን ለሌላ ገዢ ይሄዳል፣ ወፍጮውም ባዶ ይቀራል። የሚሻለው ገበሬው ለምን ሳይደርቅ እንደሚሸጥ መጠየቅ ነው፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ነው። በርበሬው የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን መስቀል ነው። በነሐሴ ገንዘብ ያበደረ ነጋዴ በኅዳር ምርቱን ቀድሞ ይረከባል፣ ሳይደርቅም ቢሆን። ወፍጮው ያንን ቅድሚያ ክፍያ ራሱ ቢሰጥ፣ የባንክ ወለድ 18 በመቶ ነው ብንል፣ ለሦስት ወር የሚያስወጣው 4 በመቶ ተኩል ነው፤ በውሃ ከሚጠፋው 12 ተኩል ጋር ሲተያይ ያዋጣል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅም ለእንዲህ ያለው ስምምነት ሕጋዊ መደገፊያ ሰጥቷል። የሚያከራክረው የዋጋው አንቀጽ ነው። ዋጋው አንድ ቁርጥ ቁጥር ከሆነ ገበያው በናረ ዓመት ገበሬው ለሌላ ይሸጣል፣ በወደቀ ዓመት ወፍጮው ይሸሻል። ስለዚህ ዝቅተኛው ዋጋ በውሉ ይቆረጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው በርክክቡ ሳምንት በቡታጅራ ገበያ ዋጋ ይተመናል፤ ለደረቀው ዛላ ጭማሪ ይታሰባል፤ ምርቱ በበሽታ ከጠፋ ቅድሚያ ክፍያው ወደሚቀጥለው አዝመራ ይሸጋገራል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ የወፍጮውን ባለቤት ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ያን ዓመት ዛላም ገንዘብም የለውም። በመሆኑም ቅድሚያ ክፍያውን ለአንድ ቀበሌ ብቻ ባይሰጠው ይሻላል፤ ከፊሉን በማረቆ፣ ከፊሉን በመስቃን፣ ከፊሉን ደግሞ በሃላባ በኩል ማድረግ ይችላል።